ጉጉቷ ትታልን የሄደችው

መርሳ፣ ሐሙስ የካቲት 6

ዛሬም ስታከክ ዋልኩ። ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣው የአማቴ የእማማ ዘሀራ ፍርሃት ነው።

ኮርኒሳችን ውስጥ ጉጉት ጫጩቶች ፈልፍላ ነበር። እማማ ድምጿን በሰሙ ቁጥር፣ "አዑዙ ቢላህ! ይቺ ሟርተኛ ሰው ልታስቀብረን ነው፤ አስወጡልኝ" ይሉ ነበር። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ሰይድ ጫጩቶቹን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ወንዙ ዳር ያለው ዋርካ ላይ አስቀመጣቸው፤ እናትየዋም ተከትላቸው ሄደች። ጎጆውንም ሊያወርደው ሲል፣ "የጉጉት ጎጆ በእጅህ እንዳትነካ!" ብለው እማማ ከለከሉት።

እዚያ ጎጆ ውስጥ የጫጩቶቹን ደም ሲመጥ የኖረው ትኋን የሚበላው ሲያጣ በኮርኒሱ ቀዳዳ ወደ እኛ ወረደ። ዛሬ ፍራሹን ገልብጬ ሳይ ስፌቱን ሞልቶታል፤ ገሚሱ ደም ጠጥቶ ተነፍቷል። ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም።

እማማ አንገታቸውን እያከኩ መጥተው አዩት። "አላልኩም? ሟርቷን ጥላብን ሄደች" አሉ።

አንዱን በጥፍሬ ጨፈለቅኩት። ጣቴ ላይ የቀረው ደም የእኔ ይሁን የሰይድ ይሁን የእሳቸው እንጃ። እጄን በሳሙና ደጋግሜ ታጠብኩ። እራት ሲቀርብ ግን በዚያ እጅ እንጀራ መቁረስ አልቻልኩም፤ በማንኪያ በላሁ።