ለአዳዳ ያልነገርነው መርዶህ

አባዬ፣

ከተለየኸን ሰባት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። ቀኑን የምትቆጥረው እማዬ ናት፤ እኔ የምቆጥረው ቅዳሜዎቹን ነው። ለምን እንደሆነ ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት። ስትሰማው አትቆጣኝ። ብትቆጣኝም ግድ የለኝም፣ ድምፅህን ከሰማሁ ቆየሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት፣ የሚያስቸግራት ጉልበቷ ብቻ ነው። የጓሮው ፓፓያ ዘንድሮ እስኪጎብጥ አፈራ፤ መሰላል ላይ የሚወጣ ጠፍቶ አብዛኛውን ወፍ በላው። ወንድሜ ዳዊት ኪራይ ቤቱን ለቅቆ ወደኛ ተመልሷል፤ ያንተ ክፍል ባዶውን እያለ ሳሎን ይተኛል። የሹፌርነት ኮፍያህ በሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው። እማዬ እሑድ ከቸርች መልስ አቧራውን ታራግፍና መልሳ ትሰቅለዋለች።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። አየህ፣ አንተ ብትሆን ስለ ፓፓያው ብቻ ሩብ ሰዓት ታወራ ነበር። እኔ አልችልበትም። እህትህ አዳዳ ጫልቱ መሞትህን እስከ ዛሬ አያውቁም።

እንዴት እንደሆነ ላስረዳህ። አንተ በታመምክ በሦስተኛው ቀን ነው የሄድከው። አዳዳ ያን ጊዜ አርሲ ነገሌ በልብ ድካም ተኝተው ነበር፤ ድንጋጤ እንዳይደርስባቸው ሐኪሙ ልጃቸውን ሐዊን አስጠንቅቋታል። በቀብርህ ማግስት የእድሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው መከሩና ትንሽ ይጠንክሩ፣ ከዚያ በደረጃ ይነገራቸዋል አሉ። በደረጃ መንገርን የተማሩት ካንተ ነው። ሰፈር ውስጥ መርዶ ሲኖር ሁሌ አንተን ነበር የሚያስቀድሙት። ያንተን ማን እንደሚናገር ግን አንድም ሰው አስቦበት አያውቅም።

ልጅ ሆኜ ሥራህ የሻሸመኔን አውቶቡስ መንዳት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ስልክ በየቤቱ ሳይገባ አዳማ ላይ ሰው ሲያርፍ፣ ቤተሰቡ መናኸሪያ መጥቶ ለመቂው፣ ለባቱው፣ ለነገሌው ዘመድ መልእክቱን ላንተ ይሰጥህ እንደነበር የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። አንተም ሞተ ብለህ አታውቅም። ከመንገዱ ትጀምራለህ፣ ከዝናቡ፣ ከእህሉ። ከዚያ እገሌ ትንሽ አሞታል። ከዚያ ጠንቶበታል። ከዚያ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ ሰውዬው ራሱ እስኪደርስበት ትጠብቀዋለህ። ሁለት ነገር አጥብቀህ ትጠላ ነበር፤ በስልክ መንገርና ቁርሱን ላልበላ ሰው መንገር። ባዶ ሆዱን ያለቀሰ ሰው ይወድቃል፣ ስንቱን ደግፌ አንስቻለሁ ትለን ነበር።

እኔ ደግሞ ክሊኒክ ውስጥ የላብራቶሪ ውጤት ጽፌ በመስኮት የማቀብል ሰው ነኝ። ትዝ ይልህ እንደሆነ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ አንዲት ሴት ውጤቷን አንብባ ስታለቅስ መስኮቱን ዘግቼ ወደ ሥራዬ መመለሴን አወራሁልህ። ጉርሻህን ወደ ሳህኑ መልሰህ አየኸኝ። ወረቀቱ እኮ ትክክል ነው አልኩህ። ትክክል መሆኑን ማን ጠየቀሽ አልከኝ። አኩርፌ ከገበታው ተነሳሁ። ያኔ ዝም ብዬ ተቀምጬ ብጠይቅህ ኖሮ ዛሬ እንዲህ አልሆንም ነበር።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አዳዳ ሲደውሉ እማዬ ትንሽ አሞታል አለች። በሁለተኛው እኔ ጠንቶበት ሆስፒታል ገብቷል አልኩ። ሦስተኛው የዳዊት ተራ ነበር። እሱ ከፍቶበታል ሊል፣ እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ነገሌ ሊወርዱ ሚኒባስ ሳይቀር ተነጋግረው ነበር። ዳዊት አፉን ሳይከፍት አዳዳ ቀደሙት። ጎረቤቱ ሁሉ ዱዓ እያደረገልህ እንደሆነ ነገሩት። በህልማቸው አልጋህ ላይ ተነስተህ ቁጭ ብለህ አይተውሃል። ተሽሎታል አይደል ልጄ ብለው ጠየቁት። ዳዊትን ታውቀዋለህ፣ የለመነውን ሰው እምቢ ማለት አይሆንለትም። አዎ አዳዳ፣ ተሽሎታል አለ። እልልታቸው ከስልኩ አልፎ ሳሎኑን ሞላው። እማዬ እዚያው የቆመችበት መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሦስት ቀን ዳዊትን አላናገርኩትም። ሽማግሌዎቹም የዳነ ሰው መርዶ እንዴት ይነገራል ብለው መንገዳቸውን ሰረዙ፤ እንደገና ከአሞታል እንጀምር አሉ። ጀመርን። ግን አሞታል ባልን ቁጥር አዳዳ ያኔ የተሻለው አሁንም ይሻለዋል ይላሉ፣ ጠንቶበታል ስንል ያኔም ጠንቶበት ነበር ይላሉ። እኛ ወደ መርዶው መንደርደሪያ ያደረግነውን ቃል እሳቸው የተስፋ አደረጉት። ከዚያ በኋላ ምን ብንል የሚያመጣው ነገር አልነበረም።

ቆይተው ደግሞ፣ ሐኪሙ መንገድ ስለከለከላቸው፣ ወንድሜን በስልክ አገናኙኝ አሉ። ምላሱ ተይዟል፣ መናገር አይችልም አልን። መናገር ባይችል ይሰማል፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጉልኝ አሉ።

አባዬ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ የማደርገው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አልጋህ ጫፍ ቁጭ ብዬ፣ ትንፋሼ እንዳይሰማ አፌን በነጠላዬ ይዤ፣ ላንተ የሚባለውን እሰማለሁ። አካም ጂርታ ኦቦሌሳ ኮ፣ እንዴት ነህ ወንድሜ ብለው ይጀምራሉ። ስለ ላሟ ይነግሩሃል፣ ስለ ነገሌ ገበያ፣ ከሐዊ ጋር ስለተጣሉበት ነገር። አንድ ቀን ልጅ ሆናችሁ አባታችሁን ሸውዳችሁ ላንጋኖ ስትዋኙ ውላችሁ የተገረፋችሁትን አንስተው ብቻቸውን ሳቁ። ሳቃቸው እስኪያልቅ መልስህን ጠበቁ። እኔ ግንባሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ነበር።

ልናገር ብልስ በየትኛው አፍ ልናገር? የሚሉትን ሁሉ እሰማለሁ፣ የኔ ኦሮምኛ ግን የታክሲና የገበያ ነው። ለሞት የማውቀው አንድ ቃል ነው፣ ለሰውም ለከብትም የሚባለው። አንተ የነበሩህን ለስላሳዎቹን አላውቃቸውም። አማርኛም ይሰማሉ፤ ግን አንተ ከእህትህ ጋር የሆድህን በአማርኛ ተጫውተህ አታውቅም፣ እኔም በአማርኛ ብነግራቸው ከመሥሪያ ቤት የተላከ ደብዳቤ የማነብላቸው ይመስለኛል።

ሁለት ጊዜ ነገሌ ሄጃለሁ። ከአዳማ በጥቁር ልብሴ እነሳና፣ እንደደረስኩ ከሐዊ ጎረቤት ቤት ገብቼ ጥቁሩን አውልቄ ሰማያዊውን ቀሚስ እለብሳለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ አዳዳ የቀሚሱን እጅጌ ዳሰስ አድርገው አማረብሽ አሉኝ። እንዳንተ ከመንገዱ ጀመርኩ። ስለ ዝናቡ አወራሁ። ትንሽ አሞታል አልኩ። ከዚያ የሚቀጥለው ጠፋኝ፤ ስለ ዝናቡ እንደገና አወራሁ። በሁለተኛው ጊዜ አሞታል እስከማለትም አልደረስኩም። ስመለስ ላንተ ብለው ቅቤ ቋጠሩልኝ። ፍሪጅ ውስጥ አለ፣ ማንም አልነካውም።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ስለ ላሟም ስለ ገበያውም አላወሩም። የእናታችሁን መርዶ ይዘህላቸው የሄድክበትን ጠዋት አነሱ። አውቶቡሱን ያለሰዓቱ፣ አንድም ሰው ሳትጭን በራቸው ላይ ስታቆም በመስኮት አዩህ። ያኔውኑ ገባቸው። አንተ ግን ገብተህ ስለ መንገዱ ጀመርክ፣ ስለ ስንዴው፣ ከዚያ እናታችን ትንሽ አሟታል አልክ፤ ላብህ በአንገትህ ይወርድ ነበር። እሳቸው እንደማያውቅ ሰው ሆነው እስክትጨርስ ሰሙህ። መንገዱን ሙሉ ስታሰናዳው የመጣኸውን ከመሃል ባቋርጥብህ አንተ ትወድቅብኝ ነበር፣ ለዚያ ነው ዝም ያልኩት አሉህ። ይህን ሁሉ ያሉት በኦሮምኛ ነው፣ ሁሌም አንተን እንደሚያናግሩህ።

ቀጥለው በአማርኛ፣ እኔ እኮ ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርሴን በልቼ ነው የምደውለው አሉ።

ነጠላውን ከአፌ ላይ አነሳሁ። በስልክ አይነገርም ያልከው ትዝ አለኝ፣ አዳዳ ያልኩ መሰለኝ፣ ድምፅ ግን አልወጣኝም። እሳቸውም አልቸኮሉም፣ ሲተነፍሱ ይሰማኝ ነበር። ብዙ ጠበቁኝ። በመጨረሻ ደህና ሁን ሳይሉ ስልኩን ዘጉት።

ያውቃሉ ማለት ነው? ዳዊት አያውቁም፣ ዝም ብለው ነው ያሉት ይላል። እማዬ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት። እኔ የማስበው ሌላ ነው። የሚያውቁ ከሆነ፣ ከስንተኛው ቅዳሜ ጀምሮ ነው እኔ እንዳልወድቅ ብለው ብቻቸውን የተሸከሙት? ይህን እያሰብኩ ትናንት ሥራ ላይ የአንድ ሰው ናሙና ደፍቼ ይቅርታ ጠየቅኩ።

ዛሬ አርብ ነው። ነገ ማለዳ ከእማዬና ከዳዊት ጋር ነገሌ እንወርዳለን፤ ከእድሩም ሁለት ሽማግሌዎች አብረውን ይመጣሉ። ሽማግሌዎቹ ማን ይጀምር ብለው ሲነጋገሩ አንቺ ጀምሪ አሉኝ፣ ልጁ ነሽ ብለው። ምን እንደምል ከጠዋት ጀምሮ ሳሰናዳ ዋልኩ። በወረቀት ጻፍኩት፤ ሳነበው የላብራቶሪ ውጤት ሆኖ አገኘሁት። ቀደድኩት። ካንተ አንድ ቃል እንኳ ባገኝ ብዬ ኮፍያህን አውርጄ ብዙ ሰዓት ጭኔ ላይ ይዤው ተቀመጥኩ። ኮፍያ ነው፣ ምን ይላል።

አባዬ፣ አልረሳህም። ፊትህን ማስታወስ አይከብደኝም፣ ፎቶህ ግድግዳው ላይ አለ። ቃል የምገባልህ ያንን ዝግታህን እንዳልረሳ ነው፣ ሰው ፊት ቁጭ ብለህ ራሱ እስኪደርስበት የምትጠብቀውን። መስኮቴንም ከእንግዲህ የሚያለቅስ ሰው ላይ አልዘጋም። ነገ ግን ስለ መንገዱ ከጨረስኩ በኋላ የምለውን አሁንም አላውቀውም። ሐዊ አዳዳን በጠዋት ቁርስ እንድታበላቸው ነግሬያታለሁ። ቦርሳዬንም አዘጋጅቻለሁ፤ ሰማያዊውን ቀሚስ አልከተትኩም።

ልጅህ ሄለን