የአባዬ መኪና ሞተር ቀለም

ማክሰኞ

«አረንጓዴ ነበር አልኩሽ እኮ!» አባዬ ዛሬም ተቆጣኝ። የአሮጌ መኪናው ሞተር ታድሶ እሪ በከንቱ ሰፈር፣ ጋሽ መሐመድ ጋራዥ ተቀምጧል። የቀረው መቀባት ብቻ ነው። አባዬ «እንደተገዛች ካልሆነች አልፈልጋትም» ይላል። ላዩ ጥቁር ነው፤ ሲፋቅ ቀይ። ከዚያ በታች ምን እንደነበረ የሚያውቅ የለም።

የሚያስፈራኝ ግን ቀለሙ አይደለም። ሰሞኑን ምድጃ ለኩሶ ረስቶ ወጥቷል። አንድ ቀን የሰፈሩ መንገድ ጠፍቶበት ጎረቤት አመጣው። ሰኞ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አለን።

ረቡዕ

ከሥራ ስወጣ ፒያሳ ቀለም ቤት ገባሁ። አረንጓዴ ለካ ስንት ዓይነት ነው! በትንሽ ጣሳ ገዝቼ መጣሁ። አባዬ ፀሐይ ላይ አውጥቶ አየውና «ይሄማ የቡና ቤት በር ነው» አለ። ከት ብዬ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

«የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል አይተሽ አታውቂም?»

ሐሙስ

ጋሽ መሐመድ ደወሉልኝ። የውሃ ፓምፑን ሲፈቱ በፓምፑ ጀርባ ብሩሽ ያልደረሰበት ቦታ አግኝተዋል። ሮጥኩ። ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጠረጉልኝ።

ግራጫ። አመድ የመሰለ ግራጫ።

ጋሽ መሐመድ የአባዬ የወጣትነት ጓደኛ ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አትንገሪው፣ ልጄ» አሉኝ። ዳገቱን እያለቀስኩ ወጣሁ።

ዓርብ

ለእማዬ ብቻ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር፤ ሰፌዱን አስቀምጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ታዲያ ግራጫን እኮ ነው አረንጓዴ የሚለው! የሠርጋችን ሱፍ ግራጫ ነበር። ‹አረንጓዴው ሱፌ› እንዳለ ኖረ። መጀመሪያ እከራከረው ነበር፣ ኋላ ተውኩት። ዓይኑ ከጥንትም እንደዚያ ነው።»

አልረሳም! አባዬ አልረሳም። እማዬን አንገቷን አቅፌ ሳምኳት፤ ምስሩ ተደፋ።

ቅዳሜ

ፓምፑን በፌስታል ይዤ ቀለም ቤት ሄድኩ። ሦስት ጊዜ አደባልቀው ልኩን አገኙልኝ። ጋሽ መሐመድ ቀቡት። አባዬ ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው።

«እህ! አረንጓዴ ማለት ይሄ ነው።»

ጋሽ መሐመድ ዞረው አዩኝ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን።

እሑድ

ከሥላሴ ስንመለስ አባዬ ክንዴን ይዞ አወራኝ። መኪናዋን በገዛ ቀን እማዬን አሳፍሮ የቸርችልን ዳገት ሲወጣ ውሃው ፈልቶ ቆመችበት። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ሁለቱም ክዳኑን ከፍተው አጠገቡ ቆመው ጠበቁ። ገና አልተጋቡም ነበር።

«እናትሽን ማየት አፍሬ ሞተሩን ሳይ ዋልኩ» አለኝ።

ነገ ሐኪሙ ምን እንደሚል አላውቅም። እማዬ ጫማውን ወልውላለታለች፤ ሸሚዙንም እሱ ራሱ መርጧል። እፈራለሁ። ግን እንደ ማክሰኞው አይደለም።