የቀዩ ቤታ ጎረቤቶች

መርካቶ፣ ራጉኤል ጀርባ
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ ፉርቃን፣ አሰላሙ ዓለይኩም።

ትናንት ጠዋት ሱቁን ስከፍት በትልቁ የዓሣ ገንዳ ውስጥ ዘጠኝ ጋፒዎች ሞተው ተንሳፍፈው ነበር። ቀዩ ቤታህ፣ ያ ተናካሹ ዓሣህ፣ በሕይወት አለ። ጅራቱ ግማሽ ሆኗል።

እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። እኛ የምለው ከልማድ ነው፤ ያለሁት እኔ ነኝ። የምጽፍልህ ስልክ አጥቼ አይደለም። ስለ ዕቃ ዋጋ ስናወራ መስመሩ ጥርት ያለ ነው፤ መቼ ነው የምትመጣው ስልህ ይቆራረጣል። ወረቀት አይቆራረጥም። ሐሙስ ወደ እናንተ፣ ወደ ጓንዡ የሚበር የጨርቅ ነጋዴ አለ፤ በእጁ ይሰጥሃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ለአጎታችን ልጅ ሰርግ ወራቤ ሄድኩ። የሱቁን ቁልፍ ለጠሀ የሰጠሁት አንተ ስላልክ ነው። «የአክስታችን ልጅ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ጫማ ሸጧል፤ ንግድ ያውቃል። ድርሻዬን ለሱ ላዙርለትና አብራችሁ ሥሩ» አልከኝ። ጫማ መሸጥ ያውቃል፣ አልክድም። ጫማ ግን አጠገቡ የተቀመጠውን አይነክስም።

ጠሀ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን አደራጀው። «አደራጀሁት» ያለው እሱ ነው። ትንንሾቹ ገንዳዎች ውስጥ እየለየን ያስቀመጥናቸው ዓሦች በሱ ዓይን እንደ ልቅ ዕቃ የተበተኑ ነበሩ። ስለዚህ ውሃ ውስጥ መርካቶን ሠራ። ደማቁን ከደማቅ፣ ባለ ረጅም ክንፉን ከባለ ረጅም ክንፍ ጋር አደረገ። ቀዩን ቤታ፣ ባለ ረጃጅም ጅራት ጋፒዎቹንና ባለ ጥቁር መስመር ባርቦቹን አንድ ላይ ከተታቸው፤ የገንዳውን መብራት አበራ፤ በሩን ቆልፎ ሄደ። እሑድ ዝግ ነን። አንድ ቀን ተኩል ማንም አላያቸውም።

ትናንት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሱፍ ኮቱን ለብሶ፣ እንደ ባለቤት መጣ።

«ጠሀ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እትዬ ሀፍሷ፣ መርካቶ እኮ ነው። ጫማ ከጫማ፣ ቆርቆሮ ከቆርቆሮ። ገዢ አንድ ቦታ ቆሞ አወዳድሮ ይግዛ ብዬ ነው።»

«ለዓሣው ነግረኸዋል?»

«ይመሳሰላሉ እኮ። የሚመሳሰል ይስማማል ብዬ…»

የሚመሳሰል ይስማማል! ይህን የሚለው መርካቶ ተወልዶ መርካቶ ያደገ ሰው ነው። ጎረቤታችን እትዬ ሸዋርካብሽ የክር ጥቅሎቿን መደርደር ትታ በሩ ላይ ቆማ ስትስቅ ነበር።

«ቤታው ምን አጠፋ?» አለች። «ነጋዴ ነው። እኔ ነገ አጠገብሽ ዓሣ ብዘረጋ አንቺስ ምን ታደርጊኛለሽ?»

«እነክስሻለሁ» አልኳት።

«ይኸው!» አለችና ወደ ጠሀ ዞረች። «ልጄ፣ አንተ ጫማህ ላይ ነበር መቅረት የነበረብህ።»

ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ባለፈው ሳምንት ምሳ ልበላ ስወጣ የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር ማስረሻ ለታካሚዎች ማረፊያ ክፍሉ ዓሣ ሊገዛ መጥቶ ነበር። ጠሀ አንድ ሰማያዊ ቤታና አንድ ወርቃማ ዓሣ በአንድ ክብ መስታወት ሸጦለታል። «ይስማማሉ ወይ?» ሲለው «ሁለቱም ዓሣ ናቸው፣ ዶክተር» ብሎታል። አንዱ ሙቅ ውሃ፣ ሌላው ቀዝቃዛ ውሃ እንደሚፈልግ፣ የወርቃማው የተንዘረፈፈ ጅራት ደግሞ ለቤታ ስድብ መሆኑን ጠሀ ከየት ይወቀው? ዶክተሩ በማግስቱ መስታወቱን አቅፎ መጣ። «ሀፍሷ፣ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ፊት ዓሣው ዓሣውን ነከሰው። ሁለት ታካሚ ጉንጩን እንደያዘ ወጥቶ ሄደ» አለኝ። ሌላ ዓሣ ሰጥቼ ሸኘሁት፤ ይቅርታም የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

አንተ እንደ ጠሀ አይደለህም። ታውቃለህ፤ አውቀህም ጽፈሃል። ከመሄድህ በፊት በነበረው ሳምንት ቀዩን ቤታ ገዝተህ ስታስገባ ከገንዳው ጀርባ የለጠፍከው ወረቀት ዛሬም እዚያው ነው። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፤ ሁለት ጊዜ በፕላስተር አጠናክሬዋለሁ። ሌላ ወንድ ቤታ አይገባም ይላል፤ እርስ በርስ ይገዳደላሉ። ጅራተ ረጅምና ደማቅ አይገባም፤ ቤታ መስሎት ይገድለዋል። ባርብ አይገባም፤ የቤታውን ክንፍ ይቆርጣል። ከሥር ከአሸዋው ላይ የማይነሳ፣ ቀለሙ ደብዛዛ፣ የማንንም ፊት የማያይ ባለ ጢም ኮሪ ይገባል፤ ግን ብቻውን ይፈራልና ከስድስት አያንስ። ማሞቂያው እንዳይጠፋ። የመጨረሻው መስመር፦ «እኔ እስክመጣ አዲስ ነገር እንዳታስገቢ፤ ሦስት ወር ነው።»

አላስገባሁም። ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ቤታ ሦስት ዓመት ይኖራል፣ ከታደለ አራት። መብራት በጠፋ ቁጥር ውሃው እንዳይቀዘቅዝ ገንዳውን በብርድ ልብስ የምጠቀልለው እኔ ነኝ። የሚያየኝ ሰው ይስቃል። ይሳቅ።

ጠሀን ወረቀቱ ፊት አቆምኩት። «አንብብ» አልኩት። አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«የፉርቃን ጽሑፍ ነው?»

«የሱ ነው።»

«ሦስት ወር ይላል» አለ። «እትዬ ሀፍሷ፣ ፉርቃን እኮ…»

«ፉርቃን ምን?»

«ምንም» አለና መረቡን አንስቶ የሞቱትን ጋፒዎች ማውጣት ጀመረ። ዘጠኙንም አወጣ። መረቡን ከፊቱ አርቆ ነበር የያዘው። ዓሣ የሚፈራ የዓሣ ነጋዴ መረጥክልኝ። ያንን ዓረፍተ ነገር ግን እሱ እንዲጨርሰው አልለመንኩም። የእሱ አይደለም።

ረመዳን ላይ ስንነጋገር ከኋላህ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማሁ። ቴሌቪዥን ነው አልከኝ። እኔም ስለ ዕቃ ዋጋ ማውራቴን ቀጠልኩ። ለቴሌቪዥን «እሽሽ፣ አባባ መጣልህ» የሚል ሰው ግን ከዚያ ቀን በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ዛሬ ከቀትር በፊት ጠሀ በውሃ የተሞላ ላስቲክ ይዞ መጣ። ኮቱን አልለበሰም። ከአንድ ዓሣ አርቢ ቤት ሄዶ ኮሪ አምጥቷል። ደብዛዛ፣ ባለ ጢም፣ አንገታቸውን የደፉ። ቆጠርኳቸው፤ ስድስት ናቸው። «አምስት ብቻ ነው ያለው ሲሉኝ ስድስተኛው ከሌላ ቤት እስኪመጣ ጠበቅኩ» አለኝ። አንድ ወረቀት አንብቦ ያነበበውን አደረገ፤ ለዚህ ላጨበጭብለት አልችልም። ግን ባርቦቹን ወደ ቦታቸው መልሷል፣ ላስቲኩን ሳይፈታ ውሃው ላይ አንሳፍፎ እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ጠብቋል። ይህ ወረቀቱ ላይ የለም። አርቢውን ጠይቆ ነው።

ገንዳውን በመስታወት ለሁለት ከፍዬዋለሁ። በአንዱ በኩል ቤታው፣ በሌላው በኩል ስድስቱ። ቤታው መጀመሪያ መስታወቱ ጋ መጥቶ ጉሮሮውን ነፋ። ኮሪዎቹ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ከሰዓት በኋላ ትቷቸው ወደ ማሞቂያው ሄደ። አጠገቡ መኖር የሚችል አለ ማለት ነው፤ ማን እንደሚሆን መምረጥ ነው እንጂ። አንተ ግን ከጓንዡ ሆነህ መረጥክልኝ፤ ልታየውም አልመጣህም።

የላክኸው ውክልና ደርሷል። ሰው ውክልና የሚልከው ራሱ ላለመምጣት ነው፤ ይህን ለማወቅ ጠበቃ አላስፈለገኝም። ድርሻህን ለጠሀ ለማዞር የእኔ ፊርማም ያስፈልጋል። ጠሀ ወረቀቱን በክላሰር ይዞ ይዞራል፤ እስካሁን ግን «ፈርሚ» አላለኝም። የሱቁ ግማሽ ያንተ ነው፤ ለፈለግኸው ስጠው። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ከገንዳው ጀርባ ያለውን የመጨረሻ መስመር ልሰርዘው ወይስ ልተወው? በራስህ አፍ ንገረኝ። በጠሀ አፍ አይሆንም። መስመሩም አይቆራረጥ።

አላህ ጤናህን ይስጥህ፣ ከአጠገብህ ያሉትንም ትንሽ ትልቅ ሳይል ይጠብቅልህ። አባታችን ቢኖር ስማቸውን ይጠይቅ ነበር። እኔም ብትነግረኝ ዱዓ ሳደርግ በስማቸው እጠራቸዋለሁ።

መስታወቱን እሑድ አነሳለሁ። ለፊርማ የተቀጠርነው ሰኞ፣ ጥቅምት 24፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ስልኬ ክፍት ነው።

እህትህ
ሀፍሷ