ውጤቱ ለራሷ ይነገር፦ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ የወይዘሮ ማናልበሽ ክብሩ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ማናልበሽ ክብሩ ከአባታቸው ከአቶ ክብሩ ዘሪሁን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አባይነሽ ወልዴ ኅዳር 12 ቀን 1955 ዓ.ም. በጎባ ከተማ ተወለዱ። በልጅነታቸው ምስር ለቀማ ላይ የሚስተካከላቸው ስላልነበረ ሰፌዱ ሁልጊዜ ለእሳቸው ይሰጥ ነበር። ይህንንም ታላቅ እህታቸው እስከ ዛሬ በቅናት ያወሱታል።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጎባ አጠናቀው፣ አዲስ አበባ በላቦራቶሪ ሙያ ሠልጥነው፣ በ1975 ዓ.ም. ገሰራ ላይ ሥራ ጀመሩ። እዚያም መምህር ጉሉማ ዳቢሴ ምንም ሳያማቸው ሦስት ጊዜ ለደም ምርመራ ተመላለሱ ይባላል። መምህር ጉሉማ አንዱን አምነው ሁለቱን ይክዳሉ። በጥር 1978 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ለሊሳን እና የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሆነችውን ሴናን ወልደዋል።

በ2003 ዓ.ም. የማህፀን ጫፍ ሕዋስ ምርመራ ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው ሮቤ ውስጥ በአንድ የግል ላቦራቶሪ ተቀጠሩ። ሥራቸው ከሴቶች ማህፀን ጫፍ ተጠርጎ መስታወት ላይ የተቀባውን ሕዋስ በማይክሮስኮፕ መመርመር ነበር። ያጠራጠራቸውን ለስፔሻሊስት ይልካሉ እንጂ በግምት አይጽፉም። «ነቁጥ ያለበት ምስር ሁሉ ጠጠር አይደለም» ይሉ ነበር። ሕዋሱ መልኩን ለወጠ ማለት ካንሰር ሆነ ማለት አይደለም። ቀላሉ ለውጥ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል፤ ከፍ ያለው ለውጥም ካንሰር ከመሆኑ በፊት ይታከማል። ተመልሶ መታየት ግን ግድ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የሆነውን ራሳቸው «ጥፋቴ» ብለው ስለተናገሩት እዚህም አይደበቅም። ከሪራ የመጡት ወይዘሮ ጁሀራ ከተመረመሩ በኋላ፣ ውጤቱን ሊወስዱ የመጡት ለገበያ የወጡት ዋርሳቸው፣ የባላቸው ወንድም፣ ነበሩ። በአገራችን ገበያ የወጣ ሰው የጎረቤቱን ደብዳቤም ዕቃም ይዞ ይመለሳልና ወይዘሮ ማናልበሽ ወረቀቱን ሰጧቸው። ወረቀቱ የሚለው «ቀላል የሕዋስ ለውጥ ታይቷል፤ ከስድስት ወር በኋላ ይመለሱ» ነበር። ወሬው የሳኔቲን አምባ ተሻግሮ ሪራ መንደር ሲደርስ ግን ካንሰር ሆኖ ደረሰ።

ወይዘሮ ጁሀራ በቀጠሯቸው አልመጡም። በስምንተኛው ወር ወይዘሮ ማናልበሽ መዝገባቸውን ሲያገላብጡ ይህን አዩና በማግስቱ አይሱዙ ላይ ተሳፍረው ሪራ ወረዱ። ወይዘሮ ጁሀራ የንብ ቀፎዎቻቸውን ለዘመድ አከፋፍለው፣ ጎረቤቱን ሁሉ «አውፍ በሉኝ» ብለው ይቅርታ ጠይቀው፣ ምንም ሳያማቸው ተኝተው ሞታቸውን ይጠብቁ ነበር። ወይዘሮ ማናልበሽ ገና ከደጃፍ «ካንሰሪ ሚቲ፣ ካንሰር አይደለም!» ሲሉ፣ የተቀበላቸው ምስጋና ሳይሆን «ታዲያ የኔን ውጤት ለምን ለሌላ ሰው ሰጣችሁብኝ?» የሚል ጥያቄ ነበር። ወይዘሮ ማናልበሽ «ጥፋቴ ነው» ብለው ይዘዋቸው ወደ ሮቤ ተመለሱ።

ምርመራው ሲደገም ለውጡ ከፍ ብሎ ተገኘና ጎባ ላይ በጊዜው ታከመ። ወይዘሮ ጁሀራ ዛሬ ጤነኛ ሆነው በመካከላችን ተቀምጠዋል። ከዚያን ቀን ወዲህ ወይዘሮ ማናልበሽ የአንዲትን ሴት ውጤት ለባልም ሆነ ለአባት ሰጥተው አያውቁም። ሴትዮዋን ፊታቸው አስቀምጠው፣ በሚገባት ቋንቋ ነግረው፣ «እስቲ አንቺ መልሰሽ ንገሪኝ» ይሉ ነበር። በትክክል እስክትናገር አይለቋትም። በዚህ ጠባያቸው «ግትር» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል፤ ስሙም አላስቀየማቸውም።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሆዳቸው ውኃ ቋጠረ። ውኃው ተቀድቶ ሲመረመር፣ ውጤቱን ራሳቸው ያሠለጠኗት ባልደረባቸው ሀይማኖት ለእሳቸው መንገር ስላልሆነላት እያለቀሰች ለቤተሰቡ ሰጠች። እኛም ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው አደረግን። «የጉበት ቁጣ ነው» አልናቸው። የነገረቻቸውም ሴና ናት። ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ዋሸን።

በሃያኛው ቀን ነጠላቸውን ለብሰው ላቦራቶሪ ሄዱ፤ የመስታወቱን ቁጥር ጠይቀው በራሳቸው ዓይን አዩት። ቤት ተመልሰው ሲቀመጡ «የኔን ውጤት ለሌላ ሰው ሰጣችሁብኝ» አሉ። ቀጥለው ሴናን ፊታቸው አስቀምጠው «የእንቁላል እጢ ካንሰር ነው፤ ተሠራጭቷል። እስቲ አንቺ መልሰሽ ንገሪኝ» አሏት። ሴና በሦስተኛው ሙከራ ተናገረች። በቀሩት ወራት በዚያ ቤት ሹክሹክታ አልነበረም። የፈለጉትን ሰው አስጠርተው ተሰናበቱ፤ ወይዘሮ ጁሀራንም ሁለት ቀን አሳደሯቸው።

ለዚህ ጽሑፍ አንድ ትእዛዝ ሰጥተዋል፤ «ባደረባቸው ሕመም» ተብሎ እንዳይጻፍ። ሴና ልማድ ሆኖባት ጽፋው ነበር፤ ሰርዛዋለች።

ወይዘሮ ማናልበሽ ክብሩ በእንቁላል እጢ ካንሰር፣ ሕመማቸውን በስሙ እየጠሩ፣ ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው መምህር ጉሉማ፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ታላቅ እህታቸው ቀርተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን፤ ለእኛም እውነቱን ፊት ለፊት የምንነጋገርበትን አንደበት ይስጠን። አሜን።