ጣቱ የጎበጠው ሹም

ይድረስ ለወንድምዓለም፤

ከሁሉ በፊት ደህንነትህን ያሰማኝ። እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ፖስተኛው በሚያልፍበት ሰዓት ግን የተጠረገውን ደጅ እንደገና ትጠርጋለች።

እኔ አሁንም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ለሽማግሌው መምህር የጥንት ሰዎችን ስም በካርድ እመዘግባለሁ። ሰሞኑን አንድ ሹም ይዘናል። የግሪክ ጸሐፊዎች ወንዝ ሲሻገር ጽፈውት ድንገት ዝም ይላሉ። «በቃ፣ ሞቷል» ብዬ ካርዱን ልዘጋ ስል መምህሩ ተቆጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ዝም ስላሉ ቀበርሽው? የሌላውን አገር መጽሐፍ እዪ እንጂ!»

እውነትም ፋርሶቹ ዘንድ በሌላ ስም፣ ሕንዶቹ ዘንድ ደግሞ በሦስተኛ ስም አርጅቶ ተገኘ። የለየነው ሦስቱም በሚጠቅሷት በጎበጠች የግራ ትንሽ ጣቱ ነው። እልል ልል ምንም አልቀረኝ፤ ከዚያ አለቀስኩ። መምህሩ «ዘመድሽ ነው እንዴ?» አሉኝ።

ያለፉት አራት ደብዳቤዎቼ መንገድ ላይ ቀርተው ይሆናል። ይህን ግን ሦስት ጊዜ ገልብጬ፣ ሰው «ወንድምሽን አየሁት» ወዳለባቸው ሦስት ከተሞች እልከዋለሁ።

በደህና ያገናኘን።
እህትህ

ይህን የከፈቱት ሌላ ሰው ከሆኑ፦ የወንድሜ የግራ ትንሿ ጣት ጎባጣ ናት፤ በልጅነታችን በር ዘግቼባት ነው። እባክዎ፣ እዚያ በምን ስም እንደምትጠሩት ይጻፉልኝ።