ለግራ እጅ የተሠራ መቅረጫ

ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 9 ቀን 1963 ዓ.ም.

ውድ በሽር፣

እንደምን ከርመሃል ብዬ መጀመር ነበረብኝ። አልቻልሁም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍልህ ከታዘዝሁ ሦስት ሳምንት አልፏል።

መምህራችን ጋሼ ኃይለ ሚካኤል በመጋቢት መጨረሻ ዐረፉ። ለሰማንያ ቀን ተዝካራቸው መቃብራቸው ላይ የናስ ሰሌዳ እንዲቆም ባለቤታቸው እትዬ የብርጓል ፈለጉ። አስጠሩኝና፣ «በሽር ከባሕር ዳር መጥቶ ይቅረጸው፤ አንተ ጻፍለት» አሉኝ። ፊታቸው ተቀምጬ ነበር። መቅረጫዬ ኪሴ ውስጥ ነበር። «እሺ» አልኋቸው።

አልጻፍሁም። እኔው ልቀርጸው ወሰንሁ።

እንደምቀናብህ ሳታውቅ አትቀርም። መጠኑን ግን አታውቀውም። የቀረጽኸው ሰሌዳ እዚህ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ተሰቅሏል። በዚያ ባለፍሁ ቁጥር እቆማለሁ። ዘበኛው ጉዳይ ያለኝ ይመስለዋል። እኔ የምፈልገው ስሕተት ነው። የአንዱ ፊደል እግር ከሌላው ያጥር እንደሆነ በጣቴ እለካለሁ። እኩል ነው። ሁልጊዜ እኩል ነው።

ጋሼ ናስ እንድንመርጥ አሊ ሱቅ የላኩንን ቀን ታስታውሳለህ? እኔ የሚያብረቀርቀውን አነሣሁ። አንተ ከጥግ ጠቁሮ የተጣለውን አወጣህና ጫፉን በሚስማር ጫርኸው። ፍቅፋቂው ሳይበጠስ ተጠቅልሎ ወጣ። የእኔን ስትጭረው እንደ ዱቄት ረገፈ። አሊ ሳቀብኝ። «ፈንታ፣ ሚስት ስትመርጥ ሳትጠራኝ እንዳትቀር» አለ። ለጋሼ ሲነገራቸው እሳቸውም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ገበያተኛው «ግራኝ» ይልህ ነበር። በግራ እጅህ ስትቀርጽ ሊያዩ ይሰበሰቡ ነበር። እኔም ቀልድ አስመስዬ እንዲሁ እልህ ነበር። ያላሉህ ጋሼ ብቻ ናቸው። «እጁን ተወው፤ ስለቱን እይ» ይሉኝ ነበር።

አሁን የሚከብደኝ ላይ ደረስሁ።

ጋሼ ከአሮጌ ሞረድ የሠሩት፣ የወይራ እጀታ ያለው መቅረጫ። አንድ ክረምት ሙሉ የለፉበት። ወደ ባሕር ዳር ልትሄድ ሳምንት ሲቀርህ ሰጡህ፤ በሦስተኛው ቀን ጠፋብህ። የምድጃውን አመድ ሳይቀር በእጅህ እየበተንህ ፈለግህ። ፊት ለፊት ምንም አልተናገሩህም። ከሄድህ በኋላ ግን፣ «እጁስ እጅ ነበር፤ ዕቃ አይጠብቅም እንጂ» አሉኝ። ይህንኑ እንዳመኑ ሞቱ።

እኔ ነኝ የወሰድሁት፣ በሽር።

ስምንት ዓመት በዘይት ጨርቅ ጠቅልዬ ጣሪያዬ ሥር ደበቅሁት። አንድ ቀን እንኳ አልሠራሁበትም። ናስ ላይ ሲሄድ ጋሼ ድምፁን የሚለዩት ይመስለኝ ነበር።

ከሞቱ በኋላ አወጣሁት። ሰሌዳውን በደንብ መረጥሁ፤ የጠቆረውን፣ ወፍራሙን። ጫርሁት፤ ተጠቅልሎ ወጣ። ሰም ቀብቼ ፊደሉን ነደፍሁ። የመቅረጫውን ጫፍ እንዳስተማሩን አውራ ጣቴ ጥፍር ላይ አሳረፍሁት። አልተንሸራተተም፤ ነከሰ። ስለቱ እንዳለ ነው።

ከዚያ እጀታውን ጨበጥሁ። አውራ ጣቴ ማረፊያ አጣ። ጎድጎድ ያለው ቦታ በወዲያኛው በኩል ነበር። ገለበጥሁት፤ ስለቱ ወደ ጎን ዞረብኝ። የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል ስጀምር አመለጠኝና ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ጫረው።

ወደ ግራ እጄ አዛወርሁት። ልክክ አለ።

ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ከእኔ ስለምትበልጥ ምርጡን መሣሪያቸውን ሰጡህ ብዬ ነበር የማስበው። ለካ ለእጅህ ነው የሠሩት። ይህን ሳውቅ ቅናቴ የሚበርድ መስሎኝ ነበር። ባሰብኝ። አንድ ክረምት ሙሉ የአንተን እጅ እያሰቡ ሲሞርዱ ታየኝ።

የራሴን መቅረጫ ከኪሴ አወጣሁ። ጋሼ በመጀመሪያው ዓመት የሰጡኝን። እሱም የአውራ ጣቴ ቦታ ላይ ጎድጎድ ብሏል። እሳቸው ጠርበውት ይሁን የእኔ ጣት በዓመታት በልቶት፣ አላውቅም። አገላብጬ አየሁት። የምጠይቀው ሰው የለም።

ትናንት ለእትዬ የብርጓል ነገርኋቸው። ምስር ይለቅሙ ነበር። እጃቸው ቆመ።

«በሽር ጥሎት ነው እንዳለ ሞተ እኮ» አሉ።

«አዎ።»

«አሁን ማን ይነግረዋል?»

  ሰፌዱን አነሡና፣ «በል ጻፍለት። ይህንንም ጻፍ» አሉኝ።

ጻፍሁ።

ሰሌዳውን ገልብጬ የጀርባውን ፊት ሞርጄ አለስልሼዋለሁ። የእኔ ጭረት በመቃብሩ ድንጋይ በኩል ይቀራል፤ ማንም አያየውም። ሰማንያቸው ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው። ቶሎ ከተነሣህ ትደርሳለህ። መቅረጫህን ከአውቶቡስ ሹፌር ጋር ልልክልህ አስቤ ነበር፤ ተውሁት። ከእጄ ትቀበለኛለህ። ከዚያ የምትለኝን ትለኛለህ።

ስትቀርጽ ሰሌዳውን እኔ እይዝልሃለሁ። እጄ እንዳይንቀጠቀጥ እጠነቀቃለሁ። ዓይኔ ግን ስሕተት መፈለጉን አይተውም፤ ይህንንም ከአሁኑ እወቀው።

የምጠብቅህ፣
ፈንታ