ከነመቆሚያው የተለካ ወታደር

ሰኞ፣ የካቲት 3

ሁለት ኪት፣ ማለትም ተገጣጣሚ የአሻንጉሊት መኪና፣ ገዝቼ ገባሁ። አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ። በክበባችን በትንንሽ የአሻንጉሊት ወታደሮች ለምንጫወተው የወሩ መጨረሻ የጠረጴዛ ጦርነት አዲስ ብረት ለበስ መኪና ልሠራ ነው። አካሉን ከፕላስቲክ ሉህ ራሴ እቆርጣለሁ፤ አካሉን ከሥር የሚሸከመው ሻንሲና ጎማው ግን ከኪት ካልተወሰደ ቀጥ ብሎ አይቆምም። የቱን ልክፈት? የተከፈተ ሳጥን ሱቁ አይመልስም።

ባለቤቴ ሳጥኖቹን አየች። "ደግሞ ጀመርክ?" ብላኝ ገባች። ወንድሟ ከክበባችን ከተባረረ ወዲህ ጨዋታውን ዓይኗ አያየውም... ያስባረርኩት እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ልብስ ስፌት ቤቴ ጭር ብሎ ዋለ፤ ሂሳብ ሠራሁ። ወታደሩ 32 ሚሊ ሜትር። በክበቡ ደንብ መኪና የወታደሩን ቁመት ሦስት እጥፍ ይረዝማል፤ ስለዚህ 9.6 ሳንቲ መሆን አለበት። ትልቁ ኪት ልክክ ይላል!

ብሎን የሠራው 8.4 ነበር። ብሎን የምንለው የሚስቴን ታናሽ ወንድም ነው፣ መካኒኩን። "ከግድግዳ ጀርባ ሊደብቀው ብሎ አሳንሶታል፤ አጭበርብሯል" አልኩ፣ ያውም ሁሉም ባሉበት። ማን ይከራከረኛል? ክበቡ ውስጥ ስሜ ሜትር ነው። ልብስ ሰፊ ልክ ይሳሳታል እንዴ?

ሰብሳቢያችን ደወለ። ቅዳሜ የልክ ዳኛ አድርገው ሊሾሙኝ ነው። ደስ አለኝ፤ ምን እደብቃለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

አዲስ ወታደሮች ልቀባ አወጣሁ። ገና መቆሚያቸው ላይ አልተጣበቁም። ለመኪናው በር ብዬ የቆረጥኩትን ወረቀት አንዱ አጠገብ አቆምኩ። በሩ በጣም ተልቆበት ዋጠው።

ለካሁት። 28።

ሌላ አነሳሁ። 28። ብቻውን የተቀመጠውን መቆሚያ ለካሁ። 4።

ክው አልኩ። ያኔም ትናንትም ወታደሩን ከነመቆሚያው ነው የለካሁት! ደንበኛ በርጩማ ላይ አቁሜ ቁመት ለክቼ አላውቅም... በ28 ሲሰላ መኪናው ስንት ይመጣል? ሦስት ጊዜ ሠራሁት። ሦስቴም 8.4።

ልኩ 8.4 የሆነውን ትንሹን ኪት ከፍቼ ዝም ብል ማን ያውቃል? ማንም።

ዓርብ፣ የካቲት 7

እራት አልወርድ አለኝ።

"ምን ሆነሃል?"

"ምንም።"

"ፊትህ ምንም አይመስልም።"

ነገርኳት። ትጮኻለች ብዬ ነበር። ማንኪያዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አምስት ወር ሙሉ ወንድሜ ደጄን አልረገጠም። እኔ አልነግርልህም፤ ራስህ ሂድ።"

ነገ ሹመቱ አለ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ልሾም?

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ተናገርኩ። ሹመቱ ሳይነሳ። አንድ ወታደር ከመቆሚያው ነቅዬ እነሱ እያዩ ለካሁት። ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ።

"ታዲያ ልጁን በምን አባረርነው?"

"በእኔ አፍ።"

ከኋላ አንዱ "ወይ ሜትር!" አለ። ማንም አልሳቀም። ዳኝነቱ ቀረ። ብሎን እንዲመለስ ተወሰነ፤ መልእክቱን የማደርሰው እኔ ነኝ።

እሑድ፣ የካቲት 9

ጋራዡ እሑድም ይሠራል። ብሎን መኪና ሥር ተኝቶ ነበር። ወጣና አየኝ። ድሮ "ጋሼ" ይለኝ ነበር። ዛሬ "ምን ፈለግክ?"

ሁሉንም ነገርኩት። ይቅርታ አልኩት። ከመሣሪያ ሳጥኑ ታች አንድ ነገር አወጣ። ያቺ መኪናው... አካሏ የለም። ሻንሲና አራት ጎማ ብቻ።

"ያባረራችሁኝ ቀን በመዶሻ ነው ያልኳት።"

አንገቴን ደፋሁ።

"ለካት።"

ማስመሪያዬን አወጣሁ። ሻንሲዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካሁ።

"ስምንት ነጥብ አራት።"

"አልሰማሁም።"

ሌሎቹ መካኒኮች ሥራ አቁመው ያዩናል። ጮክ ብዬ ደገምኩት።

እጁን በጨርቅ ጠረገ። "ውሰዳትና አካል ሥራላት። ስትጨርስ መጥቼ አያታለሁ... ምናልባት።" ጋሼ አላለኝም።

ቤት ስገባ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ባለቤቴ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ አሽከረከረቻቸው።

ሁለቱን ኪቶች አልከፈትኳቸውም። ነገ ለሱቁ እመልሳለሁ።